ዳኛ ያጣ ክርክር

ለመጽሔት ሰው የወረቀት ነገር ሁልጊዜ የቤት ጉዳይ ነው። ወረቀት ሲወደድ ገጽ ይቀንሳል፤ ገጽ ሲቀንስ ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቀው እንዲህ እንደ እኔ ያለው የታሪክ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ በሕንድ ሀገር የወረቀት ፋብሪካዎች ከታክስ ሰብሳቢው ጋር ስለሚሟገቱበት ጉዳይ ማንበብ የጀመርሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለጥቅሜ ብዬ ነበር። ንባቡ ግን ሳላስበው ወደ ተወለድሁበት ወደ ኖፓ፣ ከዚያም በመቱና በጎሬ አድርጎ ቁልቁል ወደ ባሮ ወንዝ ወሰደኝ።

የሕንዱ ነገር እንዲህ ነው። መንግሥት ከእንጨትና ከቀርከሃ ውጭ በሆነ ጥሬ ዕቃ ወረቀት ለሚሠራ ፋብሪካ የኤክሳይዝ ታክስ ቅናሽ ሰጠ። ቅድመ ሁኔታው በቁጥር የተቀመጠ ነበር፤ ወረቀቱ ከተሠራበት ፐልፕ በክብደት ቢያንስ 75 ከመቶው ከቀርከሃ፣ ከጠንካራም ሆነ ከለስላሳ እንጨት፣ ከሸምበቆ ወይም ከእራፊ ጨርቅ የተገኘ መሆን አልነበረበትም። የሸንኮራ አገዳ ገለባና የእህል ጭድ ይጠቀሙ ማለት ነበር። ፋብሪካው «ቅድመ ሁኔታውን አሟልቻለሁ» ይላል፤ ሰብሳቢው «አላሟላህም» ይላል፤ ዳኛ መሐል ይገባል፤ ቃል በቃል ይነበባል፤ ይመዘናል። በ2018 እ.ኤ.አ. የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች በሌላ የጉምሩክ ጉዳይ ላይ ተሰይመው፣ የታክስ ቅናሽ የሚሰጥ ድንጋጌ ጠበብ ተደርጎ መነበብ እንዳለበት፣ ቅናሹ ይገባኛል የሚለው ወገን ራሱ ማስረዳት እንዳለበት፣ ጥርጥር ሲኖርም ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንደሚፈረድ ወሰኑ።

ይህን ሳነብ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። እኛስ? በእኛ ሀገር ትልቁ የቅናሽ ቀረጥ ክርክር የትኛው ነበር? የዛሬውን አይደለም የምለው። ዛሬ ግብር ከፋይ ቢከፋው ወደ ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ መንገዱ ረጅም ቢሆንም መንገድ አለው። እኔ የምለው ሀገር ራሷ ተከራካሪ ሆና የቆመችበትን፣ ዳኛም ያልነበረውን ክርክር ነው። (ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቱ የእኛው ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን እናገራለሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። በዚያ ቀን አጤ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከአንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈረሙ። ክሎቡኮቭስኪ ብዙም ሳይቆይ ወደ እሩቅ ምሥራቅ ተሾሞ ሄደና የኢንዶቻይና ገዥ ሆነ። ስሙ ግን እኛ ዘንድ ቀረ። በውሉ መሠረት ከፈረንሳይ የሚመጣ ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የሚከፍለው ቀረጥ የዋጋው 10 ከመቶ፣ ወይንና ቢራን ለመሰሉ መጠጦች ደግሞ 8 ከመቶ ሆነ። ለመጠጥ ቅናሽ፣ ለጨርቅ ሙሉ! የወይን ጠጅ ሻጩ ማን እንደ ነበረ አንባቢ አይስተውም።

10 ከመቶ በራሱ ክፉ ቁጥር አይደለም። ክፋቱ ቁጥሩ ውል ውስጥ መግባቱ ነው። ቀረጥ በአዋጅ ሲቆም መንግሥት ዛሬ ይጥለዋል፣ ነገ ያነሣዋል፤ በውል ሲታሰር ግን ያለ ሌላው ፈቃድ አይነቃነቅም። በዚያ ላይ ከፈረንሳይ በፊትም ሆነ በኋላ የተዋዋሉት ሌሎች መንግሥታት «ለሌላው የተሰጠው ጥቅም ለእኔም ይሁን» የሚል አንቀጽ አስገብተው ነበር። አሜሪካ በ1896፣ ጀርመን በ1897፣ ጣልያን በ1898 የንግድ ውል ተዋውለዋል። ስለዚህ ለአንዱ የተሰጠው 10 ከመቶ የሁሉም ሆነ። በተጨማሪም 7ኛው አንቀጽ የውጭ ሰው ሲከሰስ በኢትዮጵያ ዳኛ ብቻ እንዳይዳኝ፣ ቆንስሉ እንዲገባበት አደረገ። ቀረጡም ዳኝነቱም በአንድ ወረቀት ታሰሩ።

ምኒልክ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው? አይመስለኝም። ያን ጊዜ ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ውሉ በተፈረመ በ20ኛው ቀን፣ ጥር 21፣ የባቡሩን ሥራ ወደ አዲስ አበባ ለመቀጠል አዲሱ ስምምነት ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ። ንጉሡ ጤናቸው መታወክ የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ሚኒስትሮቻቸውን ከሾሙም ገና ሦስት ወር ቢሆናቸው ነው። ባቡር እንዲገባ ፈለጉ፤ ዋጋውን ከፈሉ። ደግሞም እንዲህ ያለ ውል የእኛ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ቻይና ከኦፒየም ጦርነት በኋላ፣ ጃፓን ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ5 ከመቶ ታስረው ነበር፤ የሲያም ደግሞ 3 ከመቶ ነበር። ከእነዚህ ጋር ሲተያይ የምኒልክ 10 ከመቶ የተሻለ ድርድር ነው ብሎ የሚከራከር ቢመጣ አልጣላውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ወሬ ነው። ወረቀቱ መሬት የነካው በበሮቹ ላይ ነው፤ ከበሮቹ አንዱ ደግሞ የእኛው ነበር።

ኢሉባቦር በዚያ ዘመን የሀገር ዳር እንጂ የዓለም ዳር አልነበረችም። የጎሬው ገዥ ራስ ተሰማ ናደው፣ ገና ደጃዝማች ሳሉ፣ በ1890 ጦር አስከትለው በባሮና በሶባት አድርገው እስከ ነጭ ዓባይ ወርደዋል። ግንቦት 7 ቀን 1894 በተፈረመው የወሰን ውል ደግሞ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ወንዙን የሚነካው ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቀዱ። ቦታው ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ብቻ እንዲቆይ ተጻፈ። ጋምቤላ የተቆረቆረችው እንዲህ ነው።

የጋምቤላ ንግድ አካሄድ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከካርቱም የሚነሣው የእንፋሎት መርከብ ነጭ ዓባይን ይዞ፣ በሶባት ታጥፎ፣ ባሮ የሚደርሰው ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ከሰኔ አንሥቶ እስከ ጥቅምት ገደማ። በዚያው ክረምት ግን ከጋምቤላ ወደ ቡሬና ወደ ጎሬ የሚወጣው ዳገት ጭቃ ይውጠዋል። መርከብ ሲኖር መንገድ የለም፤ መንገድ ሲኖር መርከብ የለም። ስለዚህ ቡናው ከተለቀመ በኋላ በበጋ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ቁልቁል ይወርድና መጋዘን ገብቶ ክረምትን ይጠብቃል። ጨውና አቡጀዲው በክረምት ይደርስና መጋዘን ገብቶ በጋን ይጠብቃል። አንዱ ዕቃ ሌላውን ሳያገኘው እንደ ፀሐይና እንደ ጨረቃ ይተላለፋሉ። ቆላው ለከብትም ለሰውም በሽታ ስላለበት ባለበቅሎው ወርዶ ቶሎ ለመመለስ ይጣደፋል። ይህ ሁሉ የመጋዘን ወለድ፣ የጭነት ኪራይና የሞተ በቅሎ ዋጋ ኖፓ ላይ በምትሸጥ አንዲት ቁና ጨው ውስጥ ተደምሮ ይገኛል። አኮ እያልን የምንጠራት አያቴ፣ ጨው ሲደፋ ቡና ከተደፋበት ልጅ ይልቅ ጨው የደፋውን ትቆጣ ነበር። ቡናው ከጓሮ ነው፤ ጨው ግን ከባሕር ማዶ።

ዕቃው ከተከለለው የንግድ ጣቢያ ሲወጣ የኢትዮጵያ ጉምሩክ ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ የክሎቡኮቭስኪ ወረቀት ይወጣል። በጋምቤላና በጎሬ የሚነግዱት ግሪኮችና ሶሪያውያን ነበሩ፤ በጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላ፣ የአቢሲኒያ ባንክም ቅርንጫፍ ነበር። ነጋዴው በየመዝገቡ ያለው ቃል አንድ ነው፤ 10 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ አልከፍልም።

ግን የምን 10 ከመቶ? ክርክሩ ሁሉ ከዚህች ትንሽ ጥያቄ ይፈልቃል። አንድ ቶፋ አቡጀዲ ማንቸስተር ላይ አንድ ዋጋ አለው፤ ፖርት ሱዳን ላይ ሌላ፤ ጋምቤላ ሲደርስ ሌላ፤ ጎሬ ገበያ ላይ ሌላ። ነጋዴው የፋብሪካውን ደረሰኝ ያወጣል፤ ጉምሩኩ የገበያውን ዋጋ ይጠራል። ዋጋው በፓውንድ ተጽፎ ቀረጡ በማርትሬዛ ብር ሲከፈል ደግሞ የምንዛሪው ጣጣ አለ። ይህ ካለፈ በኋላ የየሀገሩ ገዥ የራሱ ኬላ አለው፤ ድልድይ የሠራ፣ መንገድ የጠበቀ፣ ወይም ምንም ያልሠራ ሰው እጁን ይዘረጋል። የውጭው ነጋዴ በዚህ ጊዜ ወደ ቆንስሉ ይሮጣል፤ ቆንስሉ ለአዲስ አበባው ለጋሲዮን ይጽፋል፤ ለጋሲዮኑ ለመንግሥት ይጽፋል፤ መንግሥት ለገዥው ይጽፋል። የኖፓው አጣሪ ነጋዴ፣ ሁለት አህያ ቡና ነድቶ የሚወርደው፣ ያው ኬላ ላይ ሲቆም ወደ ማን ይሮጣል? ቆንስል የለውም። ወረቀትም የለውም። ቅናሹ የሚጠራበት አንቀጽ ለእርሱ አልተጻፈም። እኔ የዚህን ታሪክ መራራነት የማየው እዚህ ላይ ነው። የባዕዱ ጣሪያ በውል ተጽፎ ሳለ የሀገሬው ሰው ጣሪያ አልነበረውም።

ነገሩ ቤተ መንግሥትም የተሰማው ለዚህ ይመስለኛል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ የድሬዳዋን ጉምሩክ በእጁ ይዞ ያየ ሰው፣ ስለ ቀረጥና ስለ ገንዘብ ሥርዓት መስተካከል አጥብቆ ከጻፉት የመጀመሪያው ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1916 ታተመ። ያው ዓመት ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችበት ነው። በጄኔቭ ከሌሎች እኩል ወንበር ያላት ሀገር አዲስ አበባ ላይ የአንድ ጠርሙስ ኮኛክ ቀረጥ ከፍ ማድረግ አትችልም ነበር።

ከዚያ 1923 መጣ። ዓመቱ ጥድፊያ የበዛበት ነው፤ ጥቅምት 23 ንግሥ፣ ሐምሌ 9 ሕገ መንግሥት፣ ነሐሴ ላይ የአቢሲኒያ ባንክ ቀርቶ የኢትዮጵያ ባንክ። አጤ ኃይለ ሥላሴ ከአሜሪካ ኤቨሬት ኮልሰን የሚባል የገንዘብ አማካሪ አስመጥተዋል። ሥራው ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዓለም ግን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነው። የቡና ዋጋ ወድቋል፤ የብርም ዋጋ ወድቋል። የዋጋ 10 ከመቶ የሚሰበስብ መንግሥት ዋጋው ራሱ ሲወርድ ምን ይሰበስባል? ቀረጡን ከፍ እንዳያደርግ ውሉ ይዞታል።

የተገኘው መላ ብልህ ነበር። መንግሥት ቀረጡን ሳይነካ በዚያው ዓመት ሌላ ታክስ አወጣ፤ የኤክሳይዝና የፍጆታ ታክስ። ቀረጥ ዕቃው በር ሲገባ የሚከፈል ነው፤ ኤክሳይዝ ግን ዕቃው በሀገር ውስጥ ለአገልግሎት በመዋሉ የሚከፈል ነው። ውሉ የሚናገረው ስለ በሩ ነው፤ ስለ ጓዳው አይናገርም።

ለጋሲዮኖቹ ተቆጡ። መቃወሚያቸው በአጭሩ ይህ ነው፤ ስሙን ብትለውጡትም ነገሩ ያው ቀረጥ ነው። ወይን ጠጁ፣ ሽቶው፣ ሐሩ ሀገር ውስጥ አይሠራም፤ ስለዚህ የፍጆታ ታክስ ብላችሁ የጣላችሁት በተግባር የሚያርፈው ከውጭ በሚመጣው ዕቃ ላይ ብቻ ነው፤ 10 ከመቶ ይበቃል ብላችሁ የፈረማችሁትን በጓሮ በር አፈረሳችሁት። መንግሥት በበኩሉ በሀገሩ ውስጥ ታክስ መጣል የማንኛውም ነጻ መንግሥት ሥልጣን ነው፤ ይህን ሥልጣን በውል አልሰጠንም የሚለውን ይዞ ቆመ።

አንባቢ ሆይ፣ ማን ልክ ነው? እኔ ሁለቱንም ወገን ለመስማት ሞክሬአለሁ። የለጋሲዮኖቹ ነገር ባዶ አይደለም። ዛሬ በዓለም ንግድ ሕግ «በሀገር ውስጥ ታክስ ስም ከውጭ የሚመጣን ዕቃ ብቻ መምታት ክልክል ነው» የሚለው መርሕ የእነርሱን ክርክር ይመስላል። ግን ያ መርሕ የሚሠራው ሁሉም እኩል ሲታሰር ነው። ፈረንሳይ ራሷ ከኢትዮጵያ በሚመጣ ቡና ላይ የፈለገችውን ታክስ ልትጥል ትችል ነበር፤ ጥላበት ቢሆን ምኒልክ አዳራሽ የሚጠራ ወረቀት አልነበረም። አሁን የሕንዱን የወረቀት ፋብሪካ አስታውሱልኝ። ቅናሽ ጠያቂው ራሱ ያስረዳ፣ ድንጋጌው ጠበብ ተደርጎ ይነበብ ከተባለ፣ የማስረዳቱ ሸክም በለጋሲዮኖቹ ጫንቃ ላይ ነው። ከሀገሬው ሰው በተለየ በዝቅተኛ ቀረጥ የመነገድ መብት ቅናሽ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ውሉ ስለ መግቢያ ቀረጥ ይናገራል፤ ስለ ፍጆታ ታክስ ዝም ብሏል፤ ዝምታውን ደግሞ ለግምጃ ቤቱ ማንበብ ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ለኢትዮጵያ እፈርድ ነበር። የኢሉባቦር ልጅ ስለሆንሁ ያደላሁ እንደሆነም ይግባኝ ይባልብኝ።

ይግባኝ የት? ዋናው ነገር ይህ ነው። የሕንዱ ፋብሪካና ታክስ ሰብሳቢው አንድ ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ ሁለቱም ለፍርዱ ይገዛሉ። የ1923ቱ ክርክር ግን የሚሄድበት ችሎት አልነበረውም። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንዳያየው 7ኛው አንቀጽ አለ። በአዲስ አበባ የነበረው ልዩ ፍርድ ቤት ኢትዮጵያዊና የውጭ ሰው ሲካሰሱ የሚሰየም ነው፤ መንግሥትና መንግሥት ስለ ውል ትርጉም ሲጣሉ የሚፈርድ አይደለም። ሄግ ላይ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ነበር፤ ጉዳዩ እዚያ አልደረሰም። የቀረው ደብዳቤ ነው። ለጋሲዮን ይጽፋል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይመልሳል፤ ለጋሲዮን እንደገና ይጽፋል። በዚህ ዓይነት ክርክር ውስጥ የሚረታው የተሻለ ነገር ያለው ሳይሆን የበለጠ የሚታገሥ ወይም የበለጠ የሚፈራ ነው።

የዚያን ጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። በ1924 መጀመሪያ ላይ ወደ ጃፓን ሄዱ፤ ተመልሰውም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ስለ ኅሩይ የጃፓን ጉዞ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ፋብሪካና ስለ ትምህርት ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አስባለሁ። ጃፓን በ5 ከመቶ ታስራ የነበረች፣ በ1911 እ.ኤ.አ. ግን ቀረጧን በራሷ ፈቃድ የመወሰን ሥልጣኗን ሙሉ በሙሉ ያስመለሰች ሀገር ናት። ቢሮአቸው በለጋሲዮን መቃወሚያ ደብዳቤ የተጨናነቀበት ሚኒስትር ቶኪዮን ሲያዩ ይህን ሳያስቡ ይቀራሉ ብዬ አላምንም። ቻይናም ሲያምም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ከዚያው ማነቆ ወጥተው ነበር። ጊዜው ለኢትዮጵያ ጥያቄ የደረሰ ነበር ማለት ይቻላል።

ውል ያሰረውን ገንዘብ ግን ማን ሲሞላው ቆየ? መንግሥት በር ላይ ያላገኘውን ጓዳ ገብቶ ይፈልጋል። በኢሉባቦር ጓዳ ማለት ገባሩ ነው። ገባሩ ማር ይሰጣል፣ ቡና ይሰጣል፣ እህል ይፈጫል፣ አጥር ያጥራል፤ የጌታውን ቡና ተሸክሞ ቁልቁል እስከ ቆላው ድረስ ይወርዳል። የጎሬው ግሪክ ለአንድ ሣጥን ዕቃ ስንት እንደሚከፍል አስቀድሞ ያውቃል። የኖፓው ገባር ግን ዓመቱ ሲያልቅ ምን ያህል እንደተወሰደበት የሚያውቀው የቀረውን ቆጥሮ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በክሎቡኮቭስኪ ላይ መጫን ደስ ይለኛል፤ አልችልም እንጂ። ቀረጡ 10 ሳይሆን 30 ከመቶ ቢሆን ኖሮ ተጨማሪው ገንዘብ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር እንጂ ከኢሉባቦር ገባር ጫንቃ ላይ አንድ ጭነት የሚያወርድ አልነበረም። ባለ ርስቱም፣ ባለ ኬላውም፣ ነፍጠኛውም ውል ኖረ አልኖረ እጁን አይሰበስብም። ሌላም አለ፤ የፍጆታ ታክስ በመጨረሻ የሚከፍለው ሻጩ ሳይሆን ገዥው ነው። ለጋሲዮኖቹ ስለ ወይንና ስለ ሽቶ ሲከራከሩ የአኮ ወገን የሚያስበው ስለ ጨው ነው። የሉዓላዊነት ድል ጨው ሲያስወድድ ኖፓ ላይ እልል የሚል አልነበረም። ይህን ስል ግን መንግሥት ራሱ የሚጥለውን ታክስ ሕዝብ ውሎ አድሮ ሊጠይቅበት፣ ሊሟገትበት ይችላል፤ በባዕድ ውል የታሰረውን ግን ጠያቂም ተጠያቂም የለውም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ክርክሩን የቋጨው ፍርድ ሳይሆን ጦርነት ነው። መስከረም 1928 ጣልያን ወሰን ተሻገረ። አዲስ አበባ ከወደቀች በኋላ ራስ እምሩ ወደ ጎሬ ወርደው የመንግሥቱን ስም ጥቂት ወራት ይዘው ቆዩ፤ የወረቀት ክርክሩ ሲሰማባት የነበረችው ከተማ ለአጭር ጊዜ የነጻይቱ ኢትዮጵያ መቀመጫ ሆነች። ጣልያን የክሎቡኮቭስኪን ውል የሚያከብርበት ምክንያት አልነበረውም። ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣም አሮጌው ውል ከነ10 ከመቶው አብሮ አልተመለሰም። በ1935 የወጣው የጉምሩክና የወጪ ዕቃ ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 39 ስለ ቀረጥ ሲናገር የማንንም ለጋሲዮን ፈቃድ አልጠየቀም። የኤክሳይዙም ነገር ከዚያ ወዲህ በአዋጅ ላይ አዋጅ እየተተካ መጥቷል። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 307 ጨው ላይ 30 ከመቶ ጥሎ ነበር፤ ያ አዋጅ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1179 ተተክቷል። ሠላሳውን የጻፈው የእኛው ሰው ነው።

ጋምቤላስ? የኪራዩ ዘመን የተሰፈረው በዓመት አልነበረም፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ነበር የተባለው። ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነጻ ወጣች፤ በጥቅምት 1949 የንግድ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ለዚህ ርክክብ ክርክርም፣ ዳኛም አላስፈለገም፤ በ1894ቱ ውል ላይ ቃሉ ግልጽ ሆኖ ተጽፎ ነበርና። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ንግድ እየሳሳ ሄደ፤ የመቱ ቡናም ፊቱን አዙሮ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ወጣ።